የምትደማው ካንሳስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ የሚኖር ወላጅ ልጁን የታሪክ የቤት ሥራ ሊያግዝ ሲቀመጥ «ብሊዲንግ ካንሳስ» የሚል ርዕስ ይገጥመዋል። የምትደማው ካንሳስ ማለት ነው፤ በ1850ዎቹ ካንሳስ ውስጥ ባርነት ይኑር ወይስ አይኑር በሚል የተነሣው ደም መፋሰስ ስም ነው። መማሪያ መጽሐፉ በሁለት ገጽ ያልፈዋል፤ ወላጁም ልጁም እንደተደናገሩ ይቀራሉ። ከታች ያሉት እንዲህ ካሉ ሰዎች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ካንሳስ ሲቲ ያለችው ሚዙሪ ውስጥ አይደለም እንዴ? የምናወራው ስለ የትኛዋ ነው?

ስለ ስቴቷ ነው። ትልቋ ካንሳስ ሲቲ ስሟን ያገኘችው ከወንዙ ነው፤ ያኔ ካንሳስ የሚባል ቴሪቶሪ ገና አልተፈጠረም። ወንዙ ደግሞ የተጠራው ካንሳ በሚባሉት ነባር ሕዝቦች ስም ነው።

ይህ የሚያደናግር ጂኦግራፊ ታሪኩን ለመረዳት ግን ይጠቅማል። እዚያ አካባቢ በካንሳስና በሚዙሪ መካከል ያለው ድንበር ተራ የመኪና መንገድ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ቡና ሊጠጣ አስፋልቱን ሲሻገር ስቴት ይቀይራል። በ1855 ድንበሩን የተሻገሩት ግን ጠመንጃ ይዘው ነው፤ ድምፅ ሊሰጡ።

ቴሪቶሪ ከስቴት በምን ይለያል?

ቴሪቶሪ በዋሽንግተን ሥር ያለ፣ ሙሉ መብት ገና ያላገኘ ግዛት ነው። ገዥውንና ዳኞቹን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። ነዋሪው የራሱን ምክር ቤት ይመርጣል፤ ኮንግረስ ውስጥ ግን ያለው አንድ ድምፅ የማይሰጥ ተወካይ ብቻ ነው። ሕዝቡ ሲበዛ ሕገ መንግሥት አርቅቆ «ስቴት አድርጉን» ብሎ ያመለክታል።

ስቴት የሆነ ሁለት ሴናተር ያገኛል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ባርነት ያለባቸውና የሌለባቸው ስቴቶች በሴኔት ውስጥ ለብዙ ዓመታት እኩል ነበሩ። በ1850 ካሊፎርኒያ ያለ ባርነት ስትገባ ሚዛኑ አጋደለ። ከዚያ ወዲህ ደቡቦቹ እያንዳንዱን አዲስ ስቴት የሞት ሽረት ጉዳይ አድርገው ያዩት ነበር።

ጠቡን የጫረው ማነው?

ስም ጥራ ካላችሁኝ ስቲቨን ዳግላስ እላለሁ። የኢሊኖይ ሴናተር ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ነጎድጓድ ስለሆነ «ትንሹ ግዙፍ» ይሉታል። ከቺካጎ ተነሥቶ እስከ ፓስፊክ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ ይፈልግ ነበር። ሐዲዱ የሚያልፍበት ሜዳ ደግሞ አስተዳደር ያልተቋቋመበት ነው። ስለዚህ ቴሪቶሪ ይቋቋም አለ። ለዚህ የደቡብ ሴናተሮች ድምፅ ያስፈልገዋል። እነሱ ደግሞ በነፃ የሚሰጡት ነገር የለም።

የጠየቁት ዋጋ የ1820ው የሚዙሪ ስምምነት እንዲፈርስ ነው። በስምምነቱ መሠረት ሚዙሪ ባርነቷን እንደያዘች ስትገባ፣ በምዕራብ በኩል ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ መስመር በላይ ያለው ቀሪው መሬት ባርነት እንዳይገባበት ተወስኖ ነበር። ካንሳስ ያለችው ከመስመሩ በላይ ነው። ለ34 ዓመት ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። የካንሳስና የነብራስካ አዋጅ ያንን መስመር ሰርዞ «የሕዝብ ሉዓላዊነት» የሚል ሐሳብ ተካ። ባርነት ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን እዚያ የሚሰፍረው ሕዝብ ራሱ ይወስናል ማለት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በ113 ለ100 አሳለፈው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ ሜይ 30 ቀን 1854 ፈረሙበት።

ሲሰሙት ደስ ይላል። ሕዝብ ይወስን ሲባል ማን ይቃወማል? አዋጁ ግን ውሳኔው መቼ እንደሚሰጥ አይናገርም። መራጩ «ነዋሪ» የሆነ ነጭ ወንድ ነው ይላል እንጂ፣ ነዋሪ ለመባል ስንት ቀን መቀመጥ እንደሚያስፈልግ አይልም። ጎጆ ቀልሶ ያረሰ ሰው ነው ነዋሪ? ወይስ በምርጫው ዕለት ጠዋት ፈረሱን እዚያ ያሰረ ሁሉ? ከዚህ በታች የምታነቡት መከራ የወጣው ከዚህች ቀዳዳ ነው።

ሚዙሪዎች በሌላ ቴሪቶሪ ጉዳይ ምን አገባቸው?

ካርታውን እዩት። ከሚዙሪ በስተምሥራቅ ኢሊኖይ፣ በስተሰሜን አዮዋ አሉ፤ ሁለቱም ባርነት የለባቸውም። ካንሳስም ነፃ ከሆነች ሚዙሪ በሦስት በኩል ተከበበች ማለት ነው። በ1850 ሚዙሪ ውስጥ ከ87 ሺህ በላይ ሰዎች በባርነት ተይዘው ነበር። ብዙዎቹ በሚዙሪ ወንዝ ዳር ባሉ ወረዳዎች ትምባሆና የገመድ ቃጫ ያመርታሉ፤ ከእነዚያ ወረዳዎች አንዳንዶቹ ካንሳስ ደጃፍ ላይ ናቸው። አንድ ሌሊት ተጉዞ ነፃ አፈር መርገጥ የሚችልን ሰው ማን ባሪያ አድርጎ ያቆየዋል? የባሪያ አሳዳሪዎቹ ፍርሃት ይህ ነበር። ሴናተራቸው ዴቪድ አቺሰን ደግሞ እሳቱን ያራግብ ነበር።

ከሰሜን የመጡትስ እነማን ነበሩ?

ዝናውን የወሰዱት ከኒው ኢንግላንድ የመጡት ናቸው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ኢላይ ቴየር የሚባል ሰው ወደ ካንሳስ ለሚሄዱ ሰፋሪዎች ጉዞ የሚያመቻች የስደተኞች ረድኤት ኩባንያ አቋቋመ። ገንዘቡን በብዛት የሰጠው በጨርቃ ጨርቅ የበለጸገው ኤሞስ ሎረንስ ነው። በ1854 የተቆረቆረችው የሎረንስ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው።

የመጀመሪያው የኩባንያው ፈቃድ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ይፈቅዳል። ያን ያህል ገንዘብ አይተውትም አያውቁ። ሚዙሪ ውስጥ ግን ወሬው እየተባዛ ሄዶ፣ ሰሜን በገንዘብ የገዛው ሠራዊት ሊያዘምትብን ነው ተባለ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰፋሪ ከኦሃዮ፣ ከኢንዲያና፣ ከኢሊኖይና ከራሷ ከሚዙሪ የመጣ ተራ ገበሬ ነው። የሚፈልገው መሬት ነው። ስለ ባርነት ያለው አቋም ቢጠየቅ «እኔ ከባሪያ ጉልበት ጋር መፎካከር አልፈልግም» ከሚል ብዙም አያልፍም።

መሣሪያም መጣ። ሻርፕስ የሚባለው በፍጥነት የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ሳጥኑ ላይ «መጻሕፍት» ተብሎ እየተጻፈ ይላክ ነበር። ለባሪያ አሳዳሪዎች ከመጽሐፍ ቅዱስ ይልቅ ጠመንጃ ይሰብካቸዋል ያሉት ሰባኪው ሄንሪ ዋርድ ቢቸር ነበሩና፣ ጠመንጃው «የቢቸር መጽሐፍ ቅዱስ» ተብሎ ቀረ።

ምርጫው እንዴት ነው የተጭበረበረው?

ማጭበርበር የሚለው ቃል ያንሰዋል። ማጭበርበር በድብቅ ነው፤ ይህ በሰልፍ ነው የተደረገው።

የመጀመሪያው ገዥ አንድሩ ሪደር ከፔንሲልቬንያ የመጡ ጠበቃ ናቸው። በ1855 መጀመሪያ ላይ ሕዝብ አስቆጠሩ። 8,601 ነዋሪ ተገኘ፤ መምረጥ የሚችለው 2,905 ነው። ማርች 30 የምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ የተሰጠው ድምፅ ከ6,300 አለፈ። ኮንግረስ በኋላ የላካቸው መርማሪዎች ከዚህ ውስጥ ሕጋዊ ያልሆነው ከ4,900 በላይ ነው አሉ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ከሚዙሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በፈረስና በጋሪ ድንበሩን ተሻገሩ። ስንቅ ይዘዋል፣ ድንኳን ይዘዋል፣ ውስኪውም አልቀረም። ወደ ሎረንስ ብቻ አንድ ሺህ ገደማ ሰው ሁለት መድፍ እየጎተተ መጣ። እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ልብሳቸው ላይ ነጭ ጥብጣብ አሰሩ። በቆጠራው መሠረት ሎረንስ ያሏት መራጮች 369 ናቸው፤ የተሰጠው ድምፅ 1,034 ሆነ። ወደ ሌላም ምርጫ ጣቢያ ተከፋፍለው ሄዱ። ነዋሪነትህን ማልልን ያለ የምርጫ ዳኛ ሽጉጥ ተደቅኖበት ቦታውን ለቀቀ። ሰዎቹ ማታ እዚያው ሰፍረው አደሩ፤ ጠዋት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በእነሱ አስተሳሰብ በዚያች ሰዓት ካንሳስ ውስጥ ቆመው ነበርና ነዋሪ ናቸው። የሚዙሪ ጋዜጦች ድሉን በአደባባይ አከበሩ። እነዚህን ሰዎች ነው «የድንበር ወሮበሎች» የሚሏቸው። ስሙን ጠላት ነው የሰጣቸው፤ እነሱ ግን ወደዱት።

ሪደር ምን አደረጉ? የታጠቁ ሰዎች ቢሯቸውን ሞልተውት አብዛኛውን ውጤት አጸደቁ። አቤቱታ በመጣባቸው ጥቂት ወረዳዎች ብቻ ድጋሚ ምርጫ አዘዙ። አዲሱ ምክር ቤት በድጋሚው ምርጫ ያሸነፉትን አባሯቸው አረፈ። ሪደር ራሳቸውም ንጹሕ አልነበሩም። ዋና ከተማው ፓውኒ ይሁን ያሉት መሬት የገዙበት ቦታ ስለሆነ ነው። ፒርስም ከሥልጣን ለማውረድ ሰበብ ያደረጉት ይህንኑ የመሬት ንግድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሪደር የእንጨት ቆራጭ ልብስ ለብሰው ከካንሳስ አመለጡ።

ያ ምክር ቤት ምን ዓይነት ሕግ አወጣ?

የሚዙሪን የሕግ መጽሐፍ ከሞላ ጎደል እንዳለ ገለበጠ። በባርነት ጉዳይ ላይ ግን ከሚዙሪም ባሰ። ባሪያዎችን ለአመፅ ያነሣሣ በሞት ይቀጣል። ባሪያ እንዲያመልጥ የረዳ በሞት ወይም ቢያንስ በ10 ዓመት ከባድ ሥራ ይቀጣል። «በዚህ ቴሪቶሪ ሰው ባሪያ የመያዝ መብት የለውም» ብሎ የተናገረ ወይም የጻፈ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይታሰራል። ልብ በሉ፤ ጥያቄው በምርጫ ይወሰናል ተብሎ ነበር። አሁን አንደኛውን መልስ መናገር ወንጀል ሆነ።

የተቀመጡበት ቦታ ደግሞ ጉድ ነው። ፓውኒ ከሚዙሪ ይርቃል ብለው ድንበሩ ሥር ወዳለው የሾኒ ሚሲዮን ሄዱ። ይህ የሜቶዲስት ቄሱ ቶማስ ጆንሰን ለነባሮቹ ልጆች የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ቄሱ ራሳቸው ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ ጉባኤውን «ሐሰተኛው ምክር ቤት» አሉት።

ሁለት መንግሥት ነበራቸው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የነፃ ስቴት ወገኖች፣ ማለትም ካንሳስ ያለ ባርነት ስቴት ትሁን የሚሉት፣ «እኛ ያልመረጥነው አይገዛንም» ብለው በ1855 መጨረሻ ቶፒካ ላይ ባርነትን የሚከለክል የራሳቸውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ሐኪሙን ቻርልስ ሮቢንሰንንም ገዥ ብለው መረጡ። ዋሽንግተን አላወቀችላቸውም። ጁላይ 4 ቀን 1856 የነፃነት በዓል እየተከበረ የፌዴራል ፈረሰኛ ጦር መጥቶ ምክር ቤታቸውን በተነው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች የጥቁሮች ወዳጆች ነበሩ ማለት ነው?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከቶፒካው ሕገ መንግሥት ጋር ለብቻው ድምፅ የተሰጠበት ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ጥቁር ሰው፣ ነፃም ይሁን ባሪያ፣ ጭራሽ ካንሳስ እንዳይገባ ይከልከል? 1,287 ሰው ይከልከል አለ። አይከልከል ያለው 453 ነው። እነዚህ መራጮች ባርነትን የሚቃወሙት ናቸው!

ባርነት በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት ነው ብለው ያመኑ አልነበሩም ማለት አይደለም። ነበሩ፤ ከነሱም ሕይወታቸውን የሰጡ አሉ። ግን አናሳ ናቸው። አብዛኛው የፈለገው ሀብታም ባሪያ አሳዳሪ መጥቶ ለም መሬቱን እንዳይጠቀልልበት ነው። በሁለቱም ወገን «ሕዝብ ይወስን» ሲባል ሕዝብ ነጭ ወንድ ነበር።

ደም መፋሰሱ መቼ ጀመረ?

የመጀመሪያው ትልቅ ፍጥጫ በ1855 ኖቬምበር ነው። በመሬት ድንበር ጠብ አንድ የባርነት ወገን ሰው ቻርልስ ዳው የሚባለውን የነፃ ስቴት ሰው ገደለ። ጎረቤቶቹ ቂም ያዙ፣ ሸሪፉ ከእነሱ አንዱን አስሮ ሲወስድ አስጣሉት፣ ከሚዙሪ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተምሞ ሎረንስን ከበበ። ሁለተኛው ገዥ ዊልሰን ሻነን ሸምግለው አበረዱት። ክረምቱም ረዳቸው፤ በዚያ ብርድ ድንኳን ውስጥ ማን ይቀመጣል።

በ1856 ሜይ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ፈነዳ።

ሜይ 21 ሸሪፍ ሳሙኤል ጆንስ 800 ያህል ሰው አስከትሎ ሎረንስ ገባ። የሁለቱን ጋዜጦች ማተሚያ መኪና ሰባብረው ፊደሎቹን ወንዝ ውስጥ ጣሉ። የነፃ ስቴት ሆቴል የሚባለውን የድንጋይ ሕንፃ በመድፍ መቱት፤ አልፈርስ ሲል አቃጠሉት። የሮቢንሰንንም ቤት አነደዱ። ሰውየው ያኔ በአገር ክህደት ተከሰው ታስረው ነበር። የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከአጥቂዎቹ ነው፣ ከሆቴሉ የተናደ ድንጋይ መታው።

በማግስቱ ሜይ 22፣ ዋሽንግተን። የማሳቹሴትሱ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር «በካንሳስ ላይ የተፈጸመ ወንጀል» በሚል ርዕስ ለሁለት ቀን የዘለቀ ንግግር አድርገው ነበር። በንግግሩ የደቡብ ካሮላይናውን ሴናተር አንድሩ በትለርን ክፉኛ ዘለፉ። የበትለር ዘመድ የሆነው የምክር ቤት አባል ፕሬስተን ብሩክስ ሴኔት አዳራሽ ገብቶ፣ ሰምነር ዴስካቸው ላይ ተቀምጠው እየጻፉ ሳለ ከዘራው እስኪሰበር ቀጠቀጣቸው። ዴስኩ ወለሉ ላይ የተቸነከረ ስለነበር መነሣት አልቻሉም። ብሩክስ የተቀጣው 300 ዶላር ነው። አድናቂዎቹ አዳዲስ ከዘራ ላኩለት፤ ሥልጣኑን ለቆ እንደገና ተመረጠ። ሰምነር ሙሉ በሙሉ ወደ ሥራ የተመለሱት ከሦስት ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ማሳቹሴትስ ወንበራቸውን ባዶውን አቆየችው።

ሜይ 24 ሌሊት ደግሞ ጆን ብራውን መጣ።

ጆን ብራውን ጀግና ነው ወይስ ነፍሰ ገዳይ?

ሁለቱንም ነው ብል ሸሸህ ትሉኛላችሁ፤ ስለዚህ የሠራውን ልንገራችሁ።

ብራውን የ56 ዓመት ሰው ነበር። በሥራ ያልቀናው፣ ብዙ ልጆች ያሉት፣ ባርነትን እንዳጠፋ እግዚአብሔር አዞኛል ብሎ የሚያምን ሰው። ልጆቹን ተከትሎ በ1855 ካንሳስ መጣ። ከሎረንስ መቃጠል በኋላ አራት ልጆቹንና ሌሎች ሦስት ሰዎችን ይዞ በፖታዋቶሚ ወንዝ ዳር ከቤት ወደ ቤት ዞረ። አምስት ሰዎች ከየቤታቸው እየተወሰዱ በጎራዴ ተገደሉ። ከነሱ ሦስቱ አባትና ሁለት ልጆች ናቸው፤ ጄምስ ዶይል፣ ዊልያምና ድሩሪ። እናትየው ማሃላ ዶይል እያለቀሰች የ16 ዓመት ልጇን ለመነች፤ ለሷ ብለው ተዉላት። ከተገደሉት አንዱም ባሪያ አልነበረውም። ይህንን ጀግንነት ልለው አልችልም።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ 1858 ዲሴምበር። ጂም ዳንኤልስ የሚባል በባርነት የተያዘ ሰው ከሚዙሪ ድንበሩን ተሻግሮ መጣ። መጥረጊያ የሚሸጥ መስሎ ነው የመጣው። ሚስቱና ልጆቹ ሊሸጡ ነውና ርዱኝ አለ። የብራውን ሰዎች በማግስቱ ሌሊት ሚዙሪ ገብተው 11 ሰው አወጡ፤ በዚያ ወረራም አንድ ባሪያ አሳዳሪ ተገደለ። በክረምት፣ በጋሪና በእግር፣ ከአንድ ሺህ ማይል በላይ ተጉዘው ሰዎቹን ካናዳ አስገቧቸው። መንገድ ላይ ልጅ ተወለደ፤ ጆን ብራውን ተባለ። ለዚያ ሕፃን እናት ብራውን ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

በ1859 ኦክቶበር ቨርጂኒያ ውስጥ ሃርፐርስ ፌሪ ያለውን የመንግሥት መሣሪያ ግምጃ ቤት ወርሮ ከያዘ በኋላ ተማረከ። ዲሴምበር 2 ተሰቀለ። እስር ቤት ሳለ ማሃላ ዶይል ደብዳቤ ጻፈችለት። የተረፈው ልጇ አድጓል፤ ስቅላቱ ላይ መገኘት በጣም ይፈልጋል አለችው።

በጠቅላላው ስንት ሰው ሞተ?

የዘመኑ ጋዜጦች 200 ይሉ ነበር። አንድ የታሪክ ተመራማሪ በኋላ አንድ በአንድ ሲቆጥር በቴሪቶሪው ዘመን በግድያ የሞቱትን 157 አገኘ፤ በግልጽ ከባርነቱ ጠብ ጋር የተያያዙት 56 ናቸው። የቀረው የመሬት ጠብ፣ ስካርና ዝርፊያ ነው። ከኋላው ከመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ጋር ሲተያይ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን አሜሪካውያን በባርነት ምክንያት ተሰልፈው መገዳደልን የለመዱት እዚህ ነው። ከ1858ቱ ግድያዎች አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ሜይ 19 ቀን ቻርልስ ሃሚልተን የሚባል ከካንሳስ የተባረረ የባርነት ወገን 11 ያልታጠቁ ሰዎችን ይዞ በማሬ ደ ሲን ወንዝ አጠገብ ሸለቆ ውስጥ አሰልፎ አስተኮሰባቸው። አምስቱ ሞቱ።

ካንሳስ ውስጥ በእርግጥ ባሪያዎች ነበሩ?

ነበሩ፤ በ1855ቱ ቆጠራ ሁለት መቶ ሊሞሉ ጥቂት ነው የቀራቸው። በ1860ው ቆጠራ የተመዘገቡት 2 ብቻ ናቸው።

ሕጉ ባርነትን እየፈቀደ ቁጥሩ ለምን አላደገም? ባሪያ ውድ ንብረት ነው። ባለቤቱ ካንሳስ ይዞት ቢመጣና በአንድ ሌሊት ቢያጣው ኪሳራው ከባድ ነው። እነሱም እየጠፉ ነበር። አለቆች የሕገ መንግሥት አንቀጽ ሲከራከሩ፣ በባርነት የተያዙት ሰዎች በእግራቸው ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ ሎረንስና ቶፒካ የሚያስጠጋ ቤት እንዳለ ወሬው ሚዙሪ ደርሷል። የጌቶቹን ስሌት ያበላሸው ከየትኛውም ምርጫ ይልቅ ይህ ነው ባይ ነኝ።

ሁሉም አይሳካም ታዲያ። በ1859 ጃንዋሪ ጆን ዶይ የሚባል ሐኪም 13 ጥቁሮችን ወደ ሰሜን ሲያሻግር ተያዘ። ከተሳፋሪዎቹ ነፃነታቸው በወረቀት የተረጋገጠ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ጭምር ወደ ሚዙሪ ተወሰዱ። ዶይ አምስት ዓመት ተፈረደበት። በጁላይ አሥር የካንሳስ ሰዎች የፈረስ ሌባ ይዘን መጣን ብለው ሴንት ጆሴፍ እስር ቤት በሌሊት አንኳኩ። ጠባቂው ከፈተ። ዶይን ይዘው ወጡ። ከዚያ አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። እነዚያ 13ቱ ግን ፎቶው ላይ የሉም።

መሬቱ የማን ነበር?

የካንሳ፣ የኦሴጅ፣ የፓውኒ። በኋላም ከ1820ዎቹ እስከ 1840ዎቹ ከምሥራቅ ተገፍተው የመጡት ሾኒ፣ ደላዌር፣ ኪካፑ፣ ፖታዋቶሚ፣ ዋያንዶትና ሌሎችም። ሲመጡ ይህ መሬት ለዘላለም የናንተ ነው ተብለው ነበር። በ1854 በችኮላ በተፈረሙ ውሎች አብዛኛውን አጡ። ሰፋሪው ውሉ እስኪጸድቅ እንኳ አልጠበቀም። ነፃ አፈር ባዩም ባርነት ባዩም በዚህ አልተጣሉም።

አራት ሕገ መንግሥት ለምን አስፈለገ?

ቶፒካ፣ ሌኮምፕተን፣ ሌቨንወርዝ፣ ዋያንዶት። ሌቨንወርዝን እንለፈው፤ ለጥቁር ወንዶችም በር የሚከፍት ነበር፣ ኮንግረስ ውስጥ ሞተ። ወሬው ያለው ሌኮምፕተን ላይ ነው።

በ1857 መኸር የነፃ ስቴት ወገኖች የምርጫ ማዕቀባቸውን ትተው ለምክር ቤት ምርጫ ወጡ። ኦክስፎርድ የምትባል ጥቂት ቤቶች ያሏት መንደር ከ1,600 በላይ ድምፅ አስመዘገበች። ስሞቹ ሲመረመሩ ከሲንሲናቲ ከተማ የአድራሻ መጽሐፍ የተገለበጡ ሆኑ! ገዥው ሮበርት ዎከር የሚሲሲፒ ሰው፣ የደቡብ ሰው ናቸው። እንዲያም ሆኖ ውጤቱን ሰረዙት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥልጣኑን ሊያጣበት እንደሚችል እያወቀ ትክክለኛውን የሠራ ሹም ካለ እሳቸው ናቸው። የነፃ ስቴት ወገን ምክር ቤቱን ያዘ።

የባርነት ወገን ግን ቀድሞ የመረጠው ጉባኤ ሌኮምፕተን ላይ ሕገ መንግሥት እያረቀቀ ነበር። ለሕዝብ ያቀረበው ምርጫ «ከባርነት ጋር» ወይም «ያለ ባርነት» የሚል ነው። ዘዴው እዚህ ላይ ነው፤ «ያለ ባርነት» ብትመርጥም ካንሳስ ውስጥ ያሉት ባሪያዎች ባሪያ ሆነው ይቀራሉ። ጭራሽ አልፈልግም የሚል አማራጭ የለም። ተቃዋሚዎቹ ቤታቸው ቀሩ፤ 6,226 ለ569 «ከባርነት ጋር» አለፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ምክር ቤት በራሱ መንገድ ድምፅ ሲያስጠይቅ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሙሉ በሙሉ ውድቅ አደረገው።

ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካናን ግን ካንሳስ በሌኮምፕተኑ ሕገ መንግሥት ትግባ ብለው ድርቅ አሉ። የተነሣባቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳግላስ! የራሳቸው ፓርቲ ሰው። ሕዝብ ይወስን ያልኩት ይህንን አይደለም አለ። ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ኮንግረስ ጥያቄውን በመሬት ስጦታ ጠቅልሎ ወደ ካንሳስ መለሰው፤ እምቢ ካላችሁ ሕዝባችሁ ከ90 ሺህ እስኪያልፍ ጠብቁ አላቸው። ኦገስት 2 ቀን 1858 ካንሳስ 11,300 ለ1,788 እምቢ አለች።

የጸናው በ1859 የተረቀቀው የዋያንዶት ሕገ መንግሥት ነው። ባርነትን ይከለክላል። ጥቁሮች እንዳይገቡ አይከለክልም፤ የመምረጥ መብት ግን ለነጭ ወንድ ብቻ ይሰጣል። ክላሪና ኒኮልስ የምትባል ሴት ድምፅ ሳይኖራት ጉባኤው ላይ ሹራቧን እየሠራች ተቀምጣ፣ ያገቡ ሴቶች የንብረትና የልጅ አሳዳጊነት መብት እንዲጻፍላቸው ተሟገተች። ተጻፈ።

ስቴት የሆነችው መቼ ነው?

ጃንዋሪ 29 ቀን 1861። 34ኛዋ ናት። ሴኔት ውስጥ መንገዱን የዘጉት የደቡብ ሴናተሮች ነበሩ። ጃንዋሪ 21 ቀን ጄፈርሰን ዴቪስና ሌሎች ስቴቶቻችን ከኅብረቱ ወጥተዋል ብለው ተሰናብተው ሄዱ። ሴኔት የካንሳስን ጉዳይ ያጸደቀው በዚያው ቀን ነው። የፈረሙት ደግሞ ያው ቡካናን ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ?

የት ሆኖ! ኦገስት 21 ቀን 1863 ዊልያም ኳንትሪል የሚባል የሚዙሪ ሽፍታ መሪ ንጋት ላይ ሎረንስን ወርሮ 150 የሚያህሉ፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጡ ወንዶችንና ወጣቶችን ገደለ። ከዚያ በፊት በ1862 ኦክቶበር የመጀመሪያው የካንሳስ ጥቁሮች እግረኛ ጦር ሚዙሪ ውስጥ አይላንድ ማውንድ ላይ ተዋግቷል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጥቁር ወታደሮች በክፍለ ጦር ደረጃ ተደራጅተው የተዋጉበት የመጀመሪያው ውጊያ ይህ ነው። ብዙዎቹ ከሚዙሪ ያመለጡ ነበሩ። በ1855 ጌቶቻቸው የተሻገሩትን ድንበር በተቃራኒው አቅጣጫ፣ እነሱም ጠመንጃ ይዘው ተሻገሩት።

ዛሬ ብሄድ የማየው ነገር አለ?

አለ። ሌኮምፕተን ዛሬ ትንሽ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ ያ ሕገ መንግሥት የተረቀቀበት በ1856 የተሠራ የእንጨት ሕንፃ ቆሟል፣ ሙዚየም ነው። ከሎረንስ በመኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ሎረንስ ውስጥ የተቃጠለው ሆቴል በነበረበት ቦታ አሁንም ሆቴል አለ፤ ኤልድሪጅ ይባላል። የሾኒ ሚሲዮንም ሕንፃዎች አሉ። ኳስ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ለምን «ጄይሆክስ» እንደሚባል ንገሩት። በድንበሩ ጦርነት ዘመን ሚዙሪን ይወርሩ የነበሩት የካንሳስ ታጣቂዎች ስም ነው። ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ ለረጅም ጊዜ ጨዋታው «የድንበር ጦርነት» ይባል ነበር።